ሦስት ዘፈን ደራስያንና አንዲት የተስፋ ምድር

መግቢያ

ስለ ሮክ ዘፈን ክርክር በተነሣ ቍጥር ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አስተያየት አለ። ይኸውም የመጀመሪያው ትውልድ ለጭፈራ የሚስማማ ቀላል ነገር ጻፈ፤ ግጥም ሊባል የሚገባውን የጻፉት ግን ከእርሱ በኋላ የተነሡት ናቸው የሚል ነው። የስዊድን አካዳሚ በ2016 የሥነ ጽሑፍን የኖቤል ሽልማት ለቦብ ዲላን በሰጠ ጊዜ ይህ አስተያየት በብዙዎች ዘንድ እንደ ተረጋገጠ ተቈጠረ። ይሁን እንጂ ዲላን ራሱ በ1965 ያወጣውን «ሰብተሬኒያን ሆምሲክ ብሉዝ» የተባለውን ዘፈን በከፊል ከቸክ ቤሪ የ1956 ዘፈን፣ ማለት ከ«ቱ ማች መንኪ ቢዝነስ» እንደ ቀዳው ተናግሯል። ፔን ኒው ኢንግላንድ የተባለው የደራስያን ማኅበርም በ2012 ለዘፈን ግጥም የመደበውን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከተሸለሙት ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ሌናርድ ኮኸን፣ ሁለተኛው ቸክ ቤሪ ነበሩ።

ጉዳዩ የክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለወዳጆች ወግ በተተወ ነበር። በሮክ ታሪክ ውስጥ ግን «ደራሲው ማነው?» የሚለው ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄም ነው። በ1955 የቸክ ቤሪ የመጀመሪያው ሸክላ «ሜይቤሊን» ሲታተም፣ ከእርሱ ስም ጋራ አለን ፍሪድ የተባለ በራዲዮ ሸክላ የሚያጫውት ሰውና አንድ ሌላ ሰው የድርሰቱ ተካፋዮች ተብለው ተጻፉ፤ ገንዘቡንም ተካፈሉ። ቤሪ የብቻ ደራሲነቱን መልሶ ያገኘው በ1986 ነው። እንግዲህ የዚህን ሰው ሥራ «ቀላል ነው» ብሎ ማለፍ አስቀድሞ በሥራው ላይ የደረሰውን ጉዳት በሌላ መንገድ መድገም ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ አስተያየቱን በሰፊው ሳይሆን በሦስት ዘፈኖች ብቻ ይመረምራል። እነርሱም የቸክ ቤሪ «ፕሮሚስድ ላንድ» (1964)፣ የብሩስ ስፕሪንግስቲን «ዘ ፕሮሚስድ ላንድ» (1978)፣ የትሬሲ ቻፕማን «ፋስት ካር» (1988) ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ርእሳቸው አንድ ነው፤ ትርጕሙም የተስፋይቱ ምድር ማለት ነው። ሦስተኛው ርእሱ ፈጣን መኪና ማለት ቢሆንም ጉዳዩ ያው ነው፤ ካሉበት ተነሥቶ ወደ ተሻለ ቦታ መሄድ። ደራስያኑ የተወለዱት በ1926፣ በ1949 እና በ1964 ስለ ሆነ ሦስት ትውልድ ናቸው ለማለት ይቻላል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የተስፋይቱ ምድር የሚለው ቃል በአሜሪካ ምን ሸክም እንዳለው አስቀድሞ ማስታወስ ያስፈልጋል። ባሪያ ሆነው የኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን የሙሴንና የዮርዳኖስን ታሪክ በመንፈሳዊ መዝሙራቸው ውስጥ የራሳቸው ታሪክ አድርገውት ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግም ከመገደሉ በፊት በነበረው ምሽት፣ በኤፕሪል 3 ቀን 1968 በሜምፊስ ከተማ ባደረገው ንግግር ይህንኑ ቃል አንሥቷል። ስለዚህ በአሜሪካ ይህን ርእስ ለዘፈኑ የሚሰጥ ደራሲ፣ ቢያስበውም ባያስበውም፣ ይህን ታሪክ ይጠራል።

አሥር ከተሞች

ቸክ ቤሪ ዘፈኑን የጻፈው በወኅኒ ቤት ሳለ ነው። ከ1962 እስከ 1963 የታሰረው አንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድን ለነውር ሥራ ከግዛት ወደ ግዛት አሻግሯል ተብሎ ተፈርዶበት ነው። ይህን ጥፋት የዘፈኑ ማማር አይሰርዘውም፤ እኛም እዚህ የምንመዝነው ሰውየውን ሳይሆን ድርሰቱን ነው። በ1987 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደ ተረከው፣ የዘፈኑን መንገድ በትክክል ለመንደፍ የካርታ መጽሐፍ መለመን ነበረበት፤ እስረኛ የመንገድ ካርታ ሲጠይቅ ጠባቂዎቹ ቢጠራጠሩ አይደንቅም። ዜማውን «ዋባሽ ካነንቦል» ከተባለው ከቆየው የባቡር ዘፈን ወሰደ።

የዘፈኑ ታሪክ እንዲህ ነው። አንድ ድኻ ልጅ በቨርጂኒያ ግዛት ካለችው ከኖርፎክ ተነሥቶ ወደ ካሊፎርኒያ ይሄዳል። በግሬይሀውንድ አውቶቡስ ሮሊን አልፎ ሻርለት ላይ ይቆማል፤ ሮክ ሂል ላይ ሳይቆም ያልፋል፤ አትላንታን ያልፋል፤ በአላባማ ግዛት አውቶቡሱ ተበላሽቶ በርሚንግሃም ከተማ መካከል ይቀራል። ወዲያው የባቡር ቲኬት ገዝቶ ሚሲሲፒን በሌሊት አቋርጦ ኒው ኦርሊንስ ይገባል። በሂዩስተን ያሉ ወዳጆቹ የሐር ልብስ አልብሰው፣ ሻንጣ አስይዘው በአውሮፕላን ይልኩታል። በአልበከርኪ ሰማይ ላይ ይነቃል፤ ሥጋውን እየበላ ሎስ አንጀለስ ይደርሳል፤ ወርዶም ወደ ኖርፎክ ስልክ ይደውላል።

ከተሞቹን ብንቈጥር አሥር ናቸው። አዝማች የለውም፤ አንጓው ያለ ዕረፍት አንጓን ይከተላል፤ መንገደኛው እንዳይዘገይ ዘፈኑም አይዘገይም። የርእሱ ቃል የሚመጣው ወደ መጨረሻው፣ አውሮፕላኑ በሰማይ ላይ ሳለ ነው። ላይ ላዩን ለሚሰማ ሰው ይህ የሚያስቅ የመንገድ ወሬ ነው።

አሁን ግን ያንኑ መንገድ በሌላ ዓይን እንመልከተው። በሜይ 4 ቀን 1961 «የነጻነት ተጓዦች» የተባሉ 13 ጥቁሮችና ነጮች በግሬይሀውንድና በትሬይልዌይስ አውቶቡሶች ከዋሽንግተን ተነሡ። ዓላማቸው በደቡብ ግዛቶች በአውቶቡስ ጣቢያዎች ጥቁርና ነጭን የሚለየው ልማድ በሕግ የተሻረ መሆኑን ተጕዘው ማስመስከር ነበር። መድረሻቸው ኒው ኦርሊንስ ነበረች። በሜይ 9 ቀን በሮክ ሂል የግሬይሀውንድ ጣቢያ ከተደበደቡት መካከል ኋላ የምክር ቤት አባል የሆነው ጆን ሉዊስ ይገኝበታል። በሜይ 14 ቀን አንዱ አውቶቡስ በአላባማ በአኒስተን አጠገብ ተቃጠለ፤ በሌላው የመጡት በርሚንግሃም ሲደርሱ ተደበደቡ። ከዚያ በኋላ መንገዱን በአውቶቡስ መቀጠል ስላልቻሉ በአውሮፕላን ኒው ኦርሊንስ ገቡ።

እንግዲህ ዘፈኑ ስለ ምን ሮክ ሂልን አልፎ ይሄዳል? አውቶቡሱ ሳይቆምባት የሚያልፋት ትንሽ ከተማ ለወሬ አትጠቅምም ነበር። ስለ ምንስ ከብልሽቱ በኋላ የሚቀርበት ከተማ በርሚንግሃም ሆነ? ለሞተሩም ችግር የመረጠው ቃል በዚያው ዘመን ለመብት ትግል ይውል የነበረው ቃል ነው። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ደግሞ ከታወቀው የባሮች መዝሙር የመጣው ሠረገላ ይጠራል፤ በመዝሙሩ ነፍስን ወደ ቤቷ የሚወስደው የሰማይ ሠረገላ እዚህ ጄት አውሮፕላን ሆኗል። ከባርነት እስከ 1961 ያለው ታሪክ በአሥር የከተማ ስሞችና በአንድ ሠረገላ ውስጥ ተቀብሯል።

«ደራሲው ይህን አላሰበም ይሆናል፤ ካርታውን ገልጦ የሚገጥምለትን ስም ለቀመ እንጂ» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የነጻነት ተጓዦች ወሬ ቤሪ ከመታሰሩ በፊት በአገሩ ጋዜጣ ሁሉ የተጻፈ ነበር፤ በደቡብ ከተሞች እየተዘዋወረ የሚዘፍን ጥቁር ሰው እነዚህን ስሞች ያለ ትዝታ ሊያነባቸው አይችልም። ሁለተኛ፣ ሐሳቡ ባይኖረው እንኳ በ1964 ዘፈኑን የሰማ ጥቁር አድማጭ የሚያውቀውን መንገድ ሰምቷል።

በቅኔ ለሠለጠነ አንባቢ ይህ አካሄድ እንግዳ አይሆንበትም። ሰምና ወርቅን ስናደንቅ ግን አንድ ስሕተት ይቀናናል፤ ሰሙ የጨለመ ሲሆን ወርቁ የበዛ ይመስለናል። በእውነቱ ጥሩ ሰም ራሱን ችሎ የሚቆም፣ ለማያውቅ ሰው የተሟላ ነገር ነው። ቸክ ቤሪ «ቀላል» የተባለው ሰሙ ስለ ተሟላለት ነው።

የእምነት ቃል

ብሩስ ስፕሪንግስቲን በኒው ጀርዚ ግዛት የተወለደና ያደገ የሠራተኛ ቤተ ሰብ ልጅ ነው። ቸክ ቤሪን ከመጽሐፍ አላወቀውም፤ በ1973 በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ትርኢት እርሱና ባልደረቦቹ ከቤሪ ኋላ ቆመው አጅበውታል። ከ5 ዓመት በኋላ «ዳርክነስ ኦን ዚ ኤጅ ኦቭ ታውን» በተባለው የሸክላ ስብስቡ ውስጥ የቤሪን ርእስ መልሶ ሲያነሣ የማንን ርእስ እንደሚያነሣ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ዘፈን የሚናገረው ወጣት ቀን በአባቱ የመኪና መጠገኛ ቤት ይሠራል፤ ሌሊት በዩታ በረሓ ይነዳል። በትክክል ለመኖር እንደ ሞከረ፣ በየማለዳው ተነሥቶ ወደ ሥራ እንደ ሄደ፣ ነገር ግን ደሙ እንደ ቀዘቀዘ ይናገራል። በመጨረሻም ከበረሓው ጥቁር ደመና ሲነሣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ማዕበሉ ይነዳል። ወዴት እንደሚደርስ ግን አይነግረንም። የቦታ ስም ብንፈልግ ከዩታ በረሓና ከአንድ የወረዳ ወሰን በቀር አናገኝም።

ለውጡ ከየት መጣ? በከፊል ከዘመኑ ነው። ዘፈኑ ከመውጣቱ 9 ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 1977፣ በኦሃዮ ግዛት በያንግስታውን ትልቁ የብረት ፋብሪካ ሥራውን ሊያቆም መሆኑን አስታውቆ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። ቤሪ በጻፈበት ጊዜ ጥቁሩ ሰው የተከለከለው ወደ ደኅናው ኑሮ የሚያስገባውን በር ነበር፤ በስፕሪንግስቲን ጊዜ የሠራተኛው ልጅ በሩን አልፎ ገብቶ ቤቱ ሲፈርስ አየ። ስለዚህ የመጀመሪያው መድረሻ ሲኖረው ሁለተኛው መነሻ ብቻ አለው።

ይህ ለውጥ በዘፈኑ አሠራር ላይ ጐልቶ ይታያል። ቤሪ ያልተጠቀመበት አዝማች እዚህ የዘፈኑ ምሰሶ ሆኗል፤ አዝማቹም ተናጋሪው በተስፋይቱ ምድር ማመኑን የሚናገርበት የእምነት ቃል ነው። ሰው ጸሎተ ሃይማኖትን የሚደግመው ያመነውን ነገር በዓይኑ ስላላየው ነው። ቤሪ ስለ ተስፋው ማስረጃ ያቀርባል፤ ስፕሪንግስቲን ይምላል። ጊታሩና ሳክስፎኑ እየተቀባበሉ፣ ሃርሞኒካውም እየተከተለ መሐላውን ያጸኑለታል፤ ዜማው ባይኖር ግን ቃሉ ብቻውን አይጸናም። በተለይ በመጨረሻው አንጓ ማዕበሉ ሕልምንና ውሸትን ጠርጎ እንዲወስድ ሲመኝ፣ የማን ሕልም፣ የማን ውሸት እንደ ሆነ አይታወቅም። «ጥልቅ» የሚባለው ዘፈን ስሜቱን በግልጥ አውጥቶ ስለሚናገር አድማጩ የሚፈታው ነገር አይተውለትም። በእኔ ግምት ከሦስቱ ዘፈኖች በቃል ረገድ ደካማው ይህ ነው።

ደራሲው ግን በዚህ አልቀረም። በ1982 በቤቱ ውስጥ በአነስተኛ የካሴት መቅረጫ በቀዳው «ኔብራስካ» በተባለው ሥራ የሰዎችና የቦታዎች ስም፣ ሥራና ሰዓት ተመልሰው መጡ። ከእነዚህም ዘፈኖች አንዱ፣ «ኦፕን ኦል ናይት»፣ በሌሊት መንገድ ስለሚነዳ ሰው ሲሆን ጊታሩ የተመታው በግልጥ በቸክ ቤሪ አመታት ነው። ወጣቱ የበለጠ የበሰለው ወደ አሮጌው አሠራር በተመለሰ ጊዜ ነው።

ከደረሱ በኋላ

ትሬሲ ቻፕማን በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ተወለደች። በጁን 11 ቀን 1988 የኔልሰን ማንዴላ 70ኛ ዓመት የልደት በዓል በለንደን በዌምብሊ ሲከበር አንድ ጊታር ብቻ ይዛ «ፋስት ካር»ን ዘፈነች፤ ዘፈኑም ከዚያ ቀን ወዲህ በዓለም ታወቀ። የሙዚቃ ነጋዴዎች ፎክ ይሉታል፤ ነገር ግን መኪናውና መንገዱ ከሮክ የወረሱት ነው።

በዘፈኑ የምትናገረው ሴት አባቷ ጠጪ ነው፤ እናቷ ጥላው ሄዳለች፤ ልጅቱም አባቷን ለመጠበቅ ትምህርቷን ትታለች። ወዳጇ ፈጣን መኪና አለው። ከሱቅ ሥራ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅማ ከእርሱ ጋራ ወደ ከተማ መሄድ ታስባለች። ሄዱም። እርሷ በገበያ አዳራሽ የገንዘብ ተቀባይነት ሥራ አገኘች፤ እርሱ አላገኘም። ጊዜ አለፈ፤ ልጆች መጡ፤ እርሱ ከልጆቹ ይልቅ ከመጠጥ ቤት ወዳጆቹ ጋራ ማምሸት ጀመረ። ልጅቱ ከአባቷ ቤት አምልጣ የደረሰችው ወደ ሌላ የጠጪ ቤት ነው።

እዚህ አንድም ከተማ በስሙ አይጠራም። ነገር ግን ይህ ስም ማጣት ከስፕሪንግስቲን የተለየ ነው፤ ምክንያቱም በከተማ ስም ፈንታ የሥራ ስም፣ የመኖሪያ ዓይነትና የገንዘብ ነገር በትክክል ተቈጥረዋል። መጠለያ ቤት፣ የገንዘብ መቀበያ ጠረጴዛ፣ የቤት ወጪ ከቦታ ስም ያላነሱ ምልክቶች ናቸው። የዘፈኑም መንገድ የሚለካው በእነዚህ ነው።

ሁለት የአሠራር ነገሮች ይደነቃሉ። አንደኛው አዝማቹ ነው። ብዙ አንጓ ካለፈ በኋላ ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣም የተስፋ ሳይሆን የትዝታ ነው፤ አንድ ሌሊት በመኪናው ውስጥ የተሰማትን ደስታ ያስታውሳል። በተመለሰ ቍጥር ቃሉ አይለወጥም፤ በዙሪያው ያለው ኑሮ ግን እየከፋ ስለሚሄድ ያው ቃል እየመረረ ይሄዳል። ሁለተኛው የተውላጠ ስም ለውጥ ነው። መሄድና መቅረትን የሚወስነው በመጀመሪያ «እኛ» ነበር፤ በመጨረሻ ግን ውሳኔው የ«አንተ» ብቻ ይሆናል። አንዲት ተውላጠ ስም ስትለወጥ ትዳሩ መፍረሱን እንሰማለን። ይህም እንደ ቤሪ ሮክ ሂል ያለ ነው፤ ሳይጮኽ ያልፋል፣ ያስተዋለ ያገኘዋል።

በ2023 ሉክ ኮምብስ የተባለ ነጭ የካንትሪ ዘፋኝ ይህን ዘፈን ደግሞ ሲያወጣ የሴቲቱን ቃል ወደ ወንድ ሳይለውጥ ዘፈነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱን ዘፈን ሽልማት ለደራሲዋ ለቻፕማን ሰጠ፤ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ደራሲ እርሷ ናት። ቤሪ ከነጮች የባቡር ዜማ ወስዶ የጥቁሩን መንገድ ጻፈበት፤ አሁን ደግሞ የጥቁሯ ሴት ቃል በነጩ ዘፋኝ አፍ ሳይለወጥ ተመለሰ።

ሦስቱ ሲመዘኑ

ሦስቱን ዘፈኖች አንድ ጥያቄ ይለያቸዋል፤ ተናጋሪው የሚናገረው ለማን ነው? የቤሪ መንገደኛ በመጨረሻ ስልክ አንሥቶ በደስታው ደስ ለሚላቸው ለቤቱ ሰዎች ይናገራል። የስፕሪንግስቲን ወጣት ስሙ ላልተጠራ፣ ከእርሱ በላይ ለሚመስል ጌታ፣ ልጅ ሳይሆን ሰው መሆኑን ያስረዳል። የቻፕማን ሴት ቃሉን ላልጠበቀ ባልንጀራዋ ትናገራለች። የመጀመሪያው የምሥራች፣ ሁለተኛው ሙግት፣ ሦስተኛው ፍርድ ነው። ከ1964 እስከ 1988 በነበሩት 24 ዓመታት የተለወጠው የግጥሙ ጥልቀት አይደለም፤ ዘፋኙ የሚሰማኝ አለ ብሎ የሚተማመንበት ሰው ነው የተለወጠው።

መደምደሚያ

በሦስት ዘፈን ስለ አንድ ጥበብ ሙሉ ታሪክ መፍረድ አይቻልም። ነገር ግን አንድን አስተያየት ለመጠራጠር ሦስት ማስረጃ ይበቃል። ሽማግሌው ቀላል፣ ወጣቱ ጥልቅ ነው የሚለው ክፍፍል በእነዚህ ላይ አይሠራም፤ ከሁሉ በላይ የሰወረው የመጀመሪያው ነው፤ ከሁሉ በላይ ገልጦ የተናገረው ሁለተኛው ነው፤ ሦስተኛዋ ደግሞ የመጀመሪያውን ጥንቃቄ ለመራራ ነገር አዋለችው። ትውልድ የጉዳዩን ቀለም ይለውጣል፤ የደራሲነት ሙያ ግን በልደት ዓመት አይመዘንም።

ስለዚህ ባልንጀሮቼ ተማሪዎች የዘፈን ግጥም ሲመረምሩ፣ ቃሉ ጨለማ ነው ብለው ከማድነቃቸው በፊት፣ ወይም ያስጨፍራል ብለው ከመናቃቸው በፊት፣ በዘፈኑ ውስጥ የተጠሩትን ስሞች አንድ በአንድ እንዲቈጥሩና እያንዳንዱ ስም ስለ ምን እንደ ተጠራ እንዲጠይቁ አሳስባለሁ። መንገደኛው ሳይቆምባት ያለፋት ከተማ ከቆመባቸው ሁሉ ይልቅ ብዙ ልትናገር ትችላለችና።